ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ

በባሕር ጠረፍ የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ አንድ ካፒቴን አለው። የለኝም የሚል ቤተሰብ ካለ በደንብ አልፈለገም ማለት ነው፤ ሰውየው ማንም ልብ ሳይለው ከወጥ ቤት ጥግ ተቀምጦ ድንች እየላጠ ይሆናል። ምልክቱ ቀላል ነው። መሬት ላይ እያለ ይሉኝታ የሚያጠቃው፣ የሰው ፊት አይቶ የሚናገር፣ «እኔን ምንም አይቸግረኝም፣ እናንተ ደስ ያላችሁን» የሚል ደግ ሰው ነው። አንድ እግሩን ጀልባ ላይ ሲያሳርፍ ግን ደጉ ሰው መሬት ላይ ይቀራል። ጀልባዋ ላይ የሚወጣው ሌላ ነው።

የእኛ ቤት ካፒቴን የእህቴ የቱሪድ ባል ነው። አርንፊን ይባላል፤ ትሮምሶ ከተማ ውስጥ መጋረጃ ይሸጣል። ደንበኞች ሰማያዊውን ከአረንጓዴው ሲያማርጡ አጠገባቸው ቆሞ «እንደ ፈቀዳችሁ፣ ሁለቱም ያምራል» ሲል ሠላሳ ዓመት ኖሯል። አንድ ቀን ምግብ ቤት ጋብዤው ያላዘዘው ጉበት ቀረበለት። ጉበት ከነሽታው የሚጠላ ሰው ነው። አስተናጋጇ እንዳታፍር ብሎ ጥርግ አድርጎ በላውና ጉርሻም ትቶላት ወጣ።

ይህ ሰው በሐምሌ፣ የእኛ በጋ ሲገባ፣ አንድ ጥቁር ቆብ ይደፋል። ቆቡ ላይ መልሕቅ ተጠልፎበታል፤ የጠለፈችው እህቴ ናት፣ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ቆቡ ከተደፋ ወዲያ «እሱ» የሚባል ነገር የለም፤ «እርሳቸው» ናቸው። እኔም እንደ ወጉ ከዚህ በኋላ ክቡር ካፒቴን እያልኩ ነው የማወራችሁ። ያለዚያ ይቀየሙኛል።

ጀልባዋ ባለ ሸራ ናት፣ ርዝመቷ ስምንት ሜትር ተኩል፣ ስሟ ትዕግሥት። ስሙን ያወጡት ካፒቴኑ ናቸው፤ ትዕግሥቱን የምናዋጣው ግን እኔና እህቴ ነን። ሕጓ ብዙ ነው። ስኒ በስተግራ እንጂ በስተቀኝ አይቀመጥም። ማፏጨት ክልክል ነው፣ ነፋስ ይጠራል። ካፒቴኑ ሰማይ ሲያዩ ማንም አያናግራቸውም፤ እርሳቸው ደግሞ ሰማይ የማያዩበት ጊዜ የለም። ከሁሉ የከበደው የሰዓት ነገር ነው። የመጀመሪያው ዓመት፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ሆዴ ሲጮህ ጊዜ ደፍሬ ተናገርኩ።

«ካፒቴን፣ ሰባት ሰዓት ሆነ እኮ። ምሳ አንበላም እንዴ?»

«አልሆነም» አሉ፣ ዐይናቸውን ከአድማሱ ሳይነቅሉ።

የእጅ ሰዓቴን ዘረጋሁላቸው። አላዩትም።

«በዚህ ጀልባ ላይ ሰዓት የሚናገረው ካፒቴኑ ነው።»

ምሳው የመጣው አንድ ደሴት ሙሉ ካለፍን በኋላ ነው። ዳቦና ቡናማ አይብ። ሰው ለዳቦና ለአይብ ያን ያህል ይንሰፈሰፋል ወይ አትበሉኝ፤ ይንሰፈሰፋል።

ቀጥሎ መዝገቡ አለ። ካፒቴኑ በየምሽቱ ቆዳ የለበሰ ደብተር አውጥተው፣ መነጽራቸውን ሰክተው የዕለቱን ነገር ይጽፋሉ። ጮክ ብለው ያነቡታል። ከዚያ ብዕሩን ለእኔ ያቀብላሉ፤ ምስክር ያልፈረመበት መዝገብ ወሬ ነው ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ለጋዜጣ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድን ነገር ትንሽ ሳላሳምረው ካለፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ መጣላት ነው።

«ኮድ ዓሣ፣ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም» ብለው አነበቡ አንድ ምሽት።

«ሦስት ኪሎ ይበሉት እንጂ። ማን ሊመዝነው ነው? በልተነዋል።»

«ሃልቫርድ፣ ይህ ጋዜጣ አይደለም።»

በሌላ ዓመት ጀልባዋን ከቋጥኝ ጋር አላተሟት። እኔና ቱሪድ ከታች ተኝተን ነበር፤ እንዲያውም ዓሣ ነባሪ ነው ቢሉን እናምናቸው ነበር። ማታ ደብተሩ ተከፈተና «ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቋጥኝ ነካን። ቋጥኙ ካርታው ላይ አለ። ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው» ተብሎ ተነበበ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ፈረምኩ። ፊርማዬ ግን እንደ ወትሮው ዶሮ የጫረው ነበር፤ ቅሬታዬን የምገልጸው በጽሕፈቴ ነው።

አሁን ወደ ባንዲራው እንምጣ። በአገራችን ባንዲራ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል፤ ፀሐይ አልጠልቅም ካለች ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይወርዳል። በእኛ በሰሜኖቹ ዘንድ በበጋ ፀሐይ ጭራሽ ስለማትጠልቅ ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ሦስት ከሩብም ቢሆን አይጨነቅም። ካፒቴኑ ይጨነቃሉ። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከጀልባዋ ኋላ ባንዲራው አጠገብ ይቆማሉ፤ ቆባቸውን ያወልቃሉ። ልክ ሲሞላ አውርደው፣ አራት ቦታ አጥፈው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ያስገቡታል። እስከዚህ ድረስ ማንም አይከፋውም። ጣጣው ከዚያ ወዲያ የሌላውን ሰው ባንዲራ መቃኘታቸው ነው።

ሐመርፌስት ወደብ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ስዊድናዊ የጥርስ ሐኪም ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠው ሽሪምፕ ይልጣሉ። ባንዲራቸው ከሦስት ሰዓት አራት ደቂቃ አልፎታል። መጋረጃ ቤት ውስጥ ለማስነጠስ እንኳ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ጀልባ ተሻግሮ ሄዶ አንኳኳ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ካፒቴኑ፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው። «ባንዲራዎ ደክሟል።»

«ምን ሆኗል?»

«ደክሟል። ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነው የዋለው።»

ሐኪሙ ቀና አሉ። ፀሐይ ግንባራቸው ላይ ነበረች። «ፀሐይዋ እኮ አልጠለቀችም።»

«ፀሐይዋ የራሷን ሥራ ትሥራ። ባንዲራው ግን ይተኛ።»

የሐኪሙ ሚስት ሳቋን ዋጠች። እኔ ከታች ገብቼ በብርድ ልብስ ተሸፈንኩ። ባንዲራው ወረደ፤ ማን አያወርድ? ይህ እንግዲህ በአንድ ወደብ ነው። ከትሮምሶ እስከ ሰሜን ጫፍ ያሉትን ወደቦች ቁጠሯቸውና በሰባት በጋ አባዙልኝ። እኛ ስንገባ ሰው ገና ከሩቅ ባንዲራውን ማውረድ እስከ መጀመር ደርሶ ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ቧልት ነው። ቁም ነገሩ አክስት ዳግኒ ናቸው።

አክስት ዳግኒ የእናታችን ታናሽ እህት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ ዘጠኝ። የሚኖሩት ቴርነቮግ ነው፣ ባሕር ውስጥ ከሾለው የምድር ጫፍ፣ ከኖርድኪን አፍንጫ ወዲያ ማዶ፣ አስፋልቱም ዛፉም ተስፋ ቆርጠው የሚመለሱበት የዓሣ አጥማጆች ከተማ። እናታችን ታማ ሆስፒታል በተኛችባቸው ሁለት ዓመታት እኔንና ቱሪድን ያሳደጉን እርሳቸው ናቸው። ከወደቡ አፍ ላይ ቢጫ ቤት አላቸው፤ ከቤቱ ፊት የባንዲራ ምሰሶ ቆሟል። በባሕር የሚመጣ ዘመድ ካለ የዚያን ቀን ባንዲራው ይወጣል። በአውሮፕላን ለሚመጣ አይወጣም። «እሱ የመጣ አይደለም፣ የተወረወረ ነው» ይላሉ።

ሦስት ሰዓት ደግሞ በእርሳቸው ዘንድ ቀልድ የለውም። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከመርከብ ሲወርድ ሰዓቱ ስለደረሰ ባንዲራውን ፊቱ ላይ አወረዱበት ይባላል። ቴርነቮግ ውስጥ ሰዓቱን የሚጠራጠር ሰው በመስኮት ወደ አክስት ዳግኒ ምሰሶ ነው የሚያየው።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ትዕግሥት በተገዛች ዕለት፣ ካፒቴኑ ጀልባዋ ላይ ቆመው ደወሉላቸው። «በሚመጣው በጋ ቱሪድን በሸራ አምጥቼ ከደጅዎ አወርዳታለሁ» አሉ። «እንግዲያው ባንዲራውን አወጣለሁ» አሉ አክስት ዳግኒ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስድስት በጋ ሄድን፣ ስድስት በጋ ከኖርድኪን አፍንጫ ተመለስን። አንዴ ማዕበል ነበር፣ አንዴ ጭጋግ፣ አንዴ ደግሞ ምንም ሳይሆን ካፒቴኑ አንዲት ደመና አላማረቻቸውም። ስድስቱንም ጊዜ አክስት ዳግኒ ኬክ ጋገሩ፣ ባንዲራ ሰቀሉ፣ ማታ ብቻቸውን አወረዱት፣ ኬኩን ለጎረቤታቸው ለፔደር ሰጡት።

«ፔደር ወፈረ» ይሉን ነበር በስልክ። ሌላ ወቀሳ አልነበራቸውም።

ዘንድሮ በሚያዝያ ደወሉ። እግራቸው ደረጃ አልወጣም ብሏል። በመስከረም ወደ አረጋውያን ቤት ይገባሉ፤ ቢጫው ቤት ይሸጣል። የሚገዛው ሰው ምሰሶውን እንደሚነቅለው ካሁኑ ነግሯቸዋል፣ ባሕሩን እንዳያይ ይጋርደዋል አሉ።

«ከመጣችሁ እንግዲህ ዘንድሮ ነው» አሉ። «ፔደርም ስኳር አለብህ ተብሏል። ኬኩን የሚበላልኝ ሰው የለም።»

ቱሪድ ስልኩን ዘግታ ባሏን አየችው። መሬት ላይ ስለነበሩ «እንደ ፈቀድሽ» አላት።

«የምፈቅደው አንድ ነገር ነው» አለች። «ዘንድሮ ከኖርድኪን ከተመለስን፣ እኔ ከመጀመሪያው ወደብ ወርጄ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ያችን ጀልባም ዳግመኛ አልረግጣትም።»

እህቴ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። አርንፊን ያን ቀን መጋረጃ ቤት ገብቶ ለአንዲት ሴትዮ «ሁለቱም አያምርም» አላት ተብሎ ተወራ። ነገሩ ምን ያህል ልቡን እንደነካው ከዚህ እወቁ።

በሐምሌ ወጣን። በስምንተኛው ቀን ከአፍንጫው ወዲህ ያለች ትንሽ ወደብ ገባን፤ እዚያ ነፋስ ሁለት ቀን አሰረን። ቱሪድ ሹራብ መሥራት ጀመረች። ቱሪድ ስትናደድ አትጮህም፣ ሹራብ ትሠራለች። በሁለት ቀን አንድ እጅጌ ጨረሰች፤ አንገቱ ላይ ስትደርስ ምን ይውጠን ይሆን እያልኩ የመርፌዎቿን ምልልስ እቆጥር ነበር። ካፒቴኑ የአየር ትንበያውን ያዳምጣሉ፣ ካርታውን ይዘረጋሉ፣ ካርታውን ያጥፋሉ። የማንንም ባንዲራ አላዩም። ሁለት ምሽት ሙሉ አንድ የዴንማርክ ጀልባ ባንዲራውን እንዳወጣ አደረ፤ ዝም አሉ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በአንድ ሰዓት ቀሰቀሱን።

«እንሄዳለን» አሉ። «ነፋሱ ይቀንሳል። ስምንት ሰዓት ላይ ኖርድኪን እንደርሳለን፤ ልክ በዚያ ሰዓት ውኃው አቅጣጫ ለውጦ ወደ ምሥራቅ መሮጥ ይጀምራል። ተሸክሞ ነው የሚወስደን። ምሽት ሁለት ሰዓት ቴርነቮግ ነን።»

«ደመናዎቹስ?» አልኩ።

«ደመናዎቹን አላየኋቸውም።»

ቱሪድ ደወለች። «አክስቴ፣ ሁለት ሰዓት ላይ እንደርሳለን።»

«ባንዲራውን ሰቅያለሁ» ሲሉ ተሰማኝ። «እስከ ሦስት ሰዓት ታገኙታላችሁ።»

ኖርድኪን አፍንጫ ላይ የደረስነው ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ውኃው ግን ወደ ምሥራቅ አልሮጠም። የሮጠው ወደ እኛ ነው። ሸራው ሙሉ ነው፣ ጀልባዋ ውኃውን እየሰነጠቀች ትሄዳለች፣ በስተቀኛችን አንዲት ወፍ የተቀመጠችባት ድንጋይ አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ያቺው ድንጋይ፣ ያቺው ወፍ። እኔ ሊያስመልሰኝ ባልዲ ላይ አጎንብሼ ስለነበር ባልዲውን ነው በደንብ የማስታውሰው። ቀና ስል ካፒቴኑ ውኃው በስንት ሰዓት አቅጣጫ እንደሚለውጥ የሚናገረውን ሰንጠረዥ ይዘው ቆመዋል። አንዴ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ። ለባንዲራ ካልሆነ በቀር ባሕር ላይ ቆባቸውን ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም።

«ቱሪድ» አሉ።

«እ?»

«ሰንጠረዡ የሚታተመው በክረምት ሰዓት ነው። በበጋ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። አልጨመርኩም።»

በበጋ ሁላችንም ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደፊት እንገፋለን፤ ባሕሩና ሰንጠረዡ ግን አይገፉም። በእኛ ዳርቻ ይህን ስሕተት ያልሠራ ባለ ጀልባ የለም። ሠራሁ ብሎ ያመነ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አላየሁም፤ ሁሉም የሚከሰው ነፋሱን ነው። ሰዓት ተናጋሪው ካፒቴን በሰዓት ተሸነፉ ብዬ ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፊታቸውን አየሁና መለስኩት። በዚያ ላይ ባልዲው ጠራኝ።

ቱሪድ መርፌዎቿን አቆመች። «ወደ ኋላ ነው ወደ ፊት?»

«ወደ ፊት» አሉ ካፒቴኑ። ሄደውም ሞተሩን አስነሡ። ሞተር ለጀልባ ከዘራ ነው፣ ሰው በጤናው ከዘራ አይዝም እያሉ ሰባት ዓመት ያደረቁን ሰው ናቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃው ራሱን መለሰና ለቀቀን። ነገር ግን አፍንጫውን እንደዞርን ነፋሱ ጭራሹን ሞተ፤ ባሕሩ እንደ ትሪ ተዘረጋ። ትንሿ ሞተር ታስላለች፣ ትዕግሥት ትጎተታለች። ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን ካፒቴኑ ካርታው ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው ለካክተው፣ «ሦስት ሰዓት ከሃያ» አሉ።

ቱሪድ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሣም። የአክስት ዳግኒ ስልክ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ ገመድ ነው።

«ውጭ ናቸው» አለች። «ምሰሶው ጋ ቆመው እየጠበቁን ነው።» ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ባንዲራው ወርዶ ከደረስን እኮ ብቻቸውን አወረዱት ማለት ነው። ለሰባተኛ ጊዜ። የመጨረሻውንም።»

እኔ ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ባንዲራውን ስንሰቅል ገመዱን የሚያስይዙኝ እኔን ነበር፤ ቱሪድን ማታ ሲወርድ። እሷ ጫፉን ይዛ ስታጥፍ መሬት እንዳይነካ ትንጠራራ ነበር። ይህን ሳስብ ወደ ባልዲው መለስ ብዬ አጎነበስኩ። ባሕሩ ነው አልኩ፣ ለራሴ።

ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ባንዲራችን እንዳለ ነው። ካፒቴኑ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ። አልተነሡም። ሦስት ሰዓት ሞላ። ጌታዬ፣ ሰባት ዓመት ስጠብቃት የኖርኳት ደቂቃ እግሯን አንሥታ መጣችልኝ። የስዊድኑ ሐኪም ትዝ አሉኝ፤ የብርድ ልብሱም ትዝ አለኝ።

«ክቡር ካፒቴን» አልኩ። «ሦስት ሰዓት ሆነ። ባንዲራዎ ደክሟል።»

«አልሆነም።»

ሰዓቴን ዘረጋሁላቸው። አላዩትም። የገዛ ሰዓታቸውን ከክንዳቸው ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት።

«በዚህ ጀልባ ላይ ሰዓት የሚናገረው ካፒቴኑ ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን የካፒቴን ድምፅ አልነበረም። ያ መጋረጃ ቤት ያለው፣ አስተናጋጇ እንዳታፍር ጉበት የበላው ሰውዬ ድምፅ ነው። እየለመነኝ ነበር።

አፌን ያዝኩ። ሰዓቴንም ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ።

የቴርነቮግን የድንጋይ ግድብ ስንዞር ቢጫው ቤት ከፊታችን ወጣ። ባንዲራው አለ። ነፋስ ስላልነበረ ቁልቁል ተንጠልጥሎ በእርግጥም የደከመ ይመስላል። ከሥሩ አክስት ዳግኒ የሰንበት ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የባንዲራውን ገመድ ጨብጠዋል። አጠገባቸው ፔደር አለ፤ ክንዱን ከፍ አድርጎ ሰዓቱን ያሳያቸዋል። ውኃው ጸጥ ያለ ስለሆነ የሚሉት ሁሉ ይሰማናል።

«ዳግኒ፣ ሃያ ደቂቃ አለፈ እኮ። ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

ቱሪድ ሹራቡን ፊቷ ላይ አደረገችው። ያ በንዴት የተሠራ እጅጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ዋለ።

ከደጃቸው በታች ካለው የእንጨት መድረክ ተጠግተን ገመድ ጣልን። አክስት ዳግኒ ደህና መጣችሁ አላሉም። ዐይናቸውን ከጀልባዋ ኋላ፣ ከእኛ ባንዲራ ላይ አሳረፉ።

«አርንፊን» አሉ። «ባንዲራህ ደክሟል።»

«ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው እንዲህ ካሉኝ» አሉ ካፒቴኑ፣ ቆባቸውን አውልቀው።

ለካስ ቃሉ የአክስት ዳግኒ ኖሯል። የቱሪድና የአርንፊን ሠርግ እዚያው ቢጫው ቤት ነበር፤ እኔ ውትድርና ላይ ስለነበርኩ አልተገኘሁም። ሙሽራው ባንዲራውን እንዲያወርድ አደራ ተሰጥቶት፣ ዓይኑ ከሙሽራይቱ አልነቀል ብሎ ረሳው። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ አክስት ዳግኒ በእንግዳው ሁሉ መሀል አልፈው ይህን ቃል ተናገሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደቂቃ አሳልፎ አያውቅም። ሰባት በጋ በየወደቡ ሰው የሚያስቸግረው ለካ ያን ሲያካክስ ነው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ አክስት ዳግኒ፣ ኮስተር ብለው።

ፔደር አፉን ከፈተ። ካፒቴኑ ቀደሙት።

«ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ።»

አክስት ዳግኒ ወደ ፔደር ዞሩ። «ሰማህ አይደል? የተናገሩት ካፒቴኑ ናቸው።»

ፔደር ሰዓቱን አየ፣ ካፒቴኑን አየ፣ አክስት ዳግኒን አየ። እጅጌውን ሰዓቱ ላይ ጎተተው።

«እንግዲያው አምስት ደቂቃ አለን» አሉ አክስት ዳግኒ። «ውጡ።»

በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ቱሪድ ደረጃውን ሮጣ ወጣች፤ ካፒቴኑ የእኛን ባንዲራ አወረዱ፤ እኔም ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሲሞላ፣ ያው እኛ ሞላ ባልንበት ጊዜ ማለቴ ነው፣ አክስት ዳግኒ ገመዱን ለቀቅ ለቀቅ አደረጉ። ባንዲራው ቀስ ብሎ ወረደ። በአንድ በኩል ቱሪድ፣ በሌላው ካፒቴኑ ያዙት፤ አራት ቦታ አጠፉት። መሬት አልነካም። አክስት ዳግኒ ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጉት፤ ከዚያ በኋላ ነው እያንዳንዳችንን ጉንጭ ጉንጫችንን የሳሙን።

«ደህና መጣችሁ» አሉ። «ፔደር ከስቷል።»

ኬኩ በክሬምና ከረግረጉ በተለቀሙ ቢጫ ፍሬዎች የተሞላ ነበር። ፔደር «ለምስክርነት ያህል» ብሎ ወረቀት የምታህል ቁራሽ ቀመሰ፤ ሁለተኛዋንም ለማረጋገጫ። ከዚያ ካፒቴኑ ደብተሩን አወጡ። መሬት ላይ ነን፣ ቆቡም ጭናቸው ላይ ነው፣ እኔ ግን «እሱ» ማለት አቃተኝ። ጽፈው ሲጨርሱ ጮክ ብለው አነበቡ።

«ኖርድኪን ላይ አንድ ሰዓት የዘገየነው ሰንጠረዡን በትክክል ስላላነበብኩ ነው። ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው። ቴርነቮግ የገባነው ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ነው። ባንዲራው በሰዓቱ ወርዷል።»

ብዕሩን አቀበሉኝ። ፊቴን አላዩም። ለአንድ ዓሣ ሰባት መቶ ግራም አልጨምርም ያሉ ሰው፣ ማንም ያላየውን ቋጥኝ በገዛ እጃቸው የጻፉ ሰው ናቸው። ካፒቴን፣ ይህ ጋዜጣ አይደለም ብላቸው ሐቁ ከእኔ ጋር ነበር።

ደብተሩን ሳብ አደረግኩ። ከሥሩ ሙሉ ስሜን በሚነበብ፣ በሚያምር ጽሕፈት ፈረምኩ።